እኛ ቤት እንጨቱም ይበላል

እኛ ቤት አራት ነን፦ አባዬ፣ ማሚ፣ እኔ እና የኪችናችን ካውንተር።

ካውንተሩን ከቤተሰብ የቆጠርኩት ነገር ላካብድ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ይበላል፤ ሲርበው ይነጣል፤ ሲጠግብ ያብረቀርቃል፤ ሲከፋው ደግሞ ፀጉሩ ይቆማል። ከእኔ የሚለየው ትምህርት ቤት አለመሄዱ ብቻ ነው፤ በዚህም እቀናበታለሁ። ካውንተር የምላችሁ ሽንኩርት የሚከተፍበትን፣ ድስት የሚያርፍበትን፣ ማሚ ስልክ ስታወራ ክርኗን የምትደገፍበትን፣ ከግድግዳ እስከ መስኮት የተዘረጋውን የኪችን ጠረጴዛ ነው።

የድሮው ካውንተራችን ቺፑድ ነበር። ቺፑድ ማለት እንጨት ለመሆን ተመኝቶ ያልተሳካለት ዱቄት ነው። ውሃ በነካው ቁጥር ሲያብጥ ሲያብጥ ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ማሚ የጎመን ድስት ስታስቀምጥበት እጥፍ ብሎ ወደቀ። ጎመኑ ወለሉን አለበሰው። ማሚ "ተመስገን፣ እግሬን ሳተኝ!" አለች። አባዬ "ግራናይት!" አለ። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ።

አባዬ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሽያን ነው። ለእሱ ዓለም ለሁለት የተከፈለች ናት፦ ማኑዋል ያለው ነገርና ማኑዋል የሌለው ነገር። እንጨት ከሁለተኛው ወገን ነው።

"እንጨት ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል" አለ ጎመን እያፈሰ። "ግራናይት ግን ምን ይላል? ዝም ይላል!"

"አባዬ፣ መቃብርም ዝም ይላል" አልኩት።

ማሚ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጎመኑ አጎነበሰች።

እኔ እንጨት የፈለግሁበት ምክንያት ነበረኝ። ቤታችን ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው፤ የራሴ ጠረጴዛ ኖሮኝ አያውቅም። አልጋ ላይ በሆዴ ተኝቼ ስለምጽፍ ፊደሎቼ ሁሉ ወደ ትራሱ ያዘነብላሉ። በቅርቡ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜ አማርኛ ክፍል አስተማሪያችን ጽሑፌን ጮክ ብላ አነበበችውና ሰው ሁሉ ሳቀ። በእኔ አይደለም፤ በጻፍኩት! ልዩነቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ቦታውንም መርጬ ነበር፦ የካውንተሩ መጨረሻ፣ መስኮቱ ሥር፣ የጎረቤት ጃካራንዳ አበባውን የሚያራግፍበት ጥግ። ግራናይት ላይ ግን አይሆንም። በሐምሌ የናይሮቢ ብርድ ግራናይት ላይ ክንድ ማሳረፍ ማለት ዓሣ ማቀፍ ነው።

ክርክሩ እስከ እራት ቀጠለ። ማሚ ዌስትላንድስ የሚገኝ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ስትሠራ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ትመራለች፤ ቤት ስትገባም አይለቃትም። ሹካዋን አስቀመጠችና ውሳኔ ሰጠች።

"እንጨት ይገባል። እንክብካቤው የአንቺ ነው። የጸሎት ኅብረቱ ተራ እኛ ቤት ሲደርስ ያን ቀን ኪችኑ ገበያ ነው፤ ታውቂዋለሽ። እንግዶቹ ሲወጡ ካውንተሩ ላይ ጠባሳ ካልተገኘ ይኖራል። ከተገኘ የአባትሽ ግራናይት ይገባል፤ ያ የምትዪው ጥግም የማይክሮዌቭ ቦታ ይሆናል።"

"ማይክሮዌቭ?! ማይክሮዌቭ ምን ጽፎ ያውቃል?"

"ቢያንስ ምግብ ያሞቃል" አለ አባዬ። ቀጥሎም ለድል ያዘጋጀውን ተረት አወጣ፦ "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።"

ይህችን ተረት ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

እንጨት ልንመርጥ ንጎንግ ሮድ ሄድን። መንገዱ ዳር አልጋ፣ ሶፋ፣ ቁምሳጥን ተደርድሮ፣ ከኋላው ደግሞ ጣውላው እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይጠብቃል። ሻጯ ማማ ዋምቡይ ወገቧን ሌሶ በሚሉት ጌጠኛ ጨርቅ ያሰረች፣ ከሁሉም ጋር የምትስቅ ሴት ናት። መጀመሪያ ያሳየችን ነጣ ያለ ሳይፕረስ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ ነበር። በጥፍሬ ስጫነው ጥፍሬ ገባ፤ እንደ ቅቤ። ቀጥሎ ያሳየችን በጣም ከባድና ጥቁር ቀይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ኪችኑን ፍርድ ቤት የሚያስመስል ዓይነት።

አባዬ እስከዚያ ድረስ ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ "እኔ የለሁበትም" በሚል አቋም ቆሞ ነበር። ግን የሙያ ነገር ሆኖበት አልቻለም። አውሮፕላን ላይ በቀለሙ ሥር የተላቀቀ ነገር መኖሩን የሚያውቁት በትንሽ መዶሻ እየቆረቆሩ በድምፁ ነው። አባዬ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ጆሮውን ደቅኖ ማዳመጥ ጀመረ።

ማማ ዋምቡይ ወደ እኔ ዞረች። "አባትሽ ሆዲ የሚለው ማን ከውስጥ እንዲከፍትለት ነው?"

ሆዲ እዚህ አገር ሰው ደጅ ላይ ቆሞ የሚለው ነው፤ የእኛ "ቤቶች!" ማለት ነው። በሳቅ ልፈርስ ደረስኩ። አባዬ ግን አልሰማም። አንድ ወርቅማ ቡኒ ጣውላ ፊት ቆሞ ነበር። አንኳኳው። አሸተተው። በመዳፉ ዳበሰው።

"ይሄ ዋንዛ ነው" አለ።

"ሙሪንጋ ነው" አለች ማማ ዋምቡይ።

"ዋንዛ ነው እንጂ! እኛ ቤት የነበረው ገበታ ከዚህ ነው የተሠራው። ጠረኑን በየት አባቱ ይደብቀኛል!"

"ሙሪንጋ ነው። አያቴ ጓሮ ሁለት ነበሩ።"

ተከራከሩ። እሱ በስዋሂሊኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፤ እሷ በስዋሂሊኛ ጀምራ በኪኩዩ ትጨርሳለች። በመጨረሻ ስለ አበባው ተጠያየቁ፤ ነጭ ነው፤ ንብ ይወደዋል፤ ፍሬው ያጣብቃል። ተስማሙ። አንድ ዛፍ ነው፤ ሁለት ፓስፖርት ያለው። እኔም በአማርኛ እየጸለይኩ በስዋሂሊኛ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ታክሲ የማስቆም ሰው ነኝና ጣውላውን ወዲያው ወደድኩት።

"ይሄን ውሰጂ" አለኝ አባዬ። ከዚያ ተቃዋሚ መሆኑ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠረገ። "ማለቴ... ከመጥፎዎቹ ውስጥ ይሻላል።"

ፈንዲ ኦዲያምቦ ገጠመው። ፈንዲ ማለት ባለሙያ ነው፤ አናጺም፣ ቧንቧ ሠሪም፣ ሁሉም ፈንዲ ነው። ኦዲያምቦ ሥራውን ሲጨርስ ካውንተሩን እንደ ፈረስ መታ መታ አደረገና መመሪያ ሰጠኝ።

"እንጨት ይርበዋል። የተልባ ዘይት አብሉት። ሲጠጣ ድገሙት። በቃኝ ሲል አቁሙና የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ።"

ቀላል መመሪያ ነው አይደል? እሱን ለማበላሸት እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ "የተልባ ዘይት" ከሚለው ውስጥ እኔ የሰማሁት "ተልባ" የሚለውን ብቻ ነው። ተልባማ ቤታችን ሞልቷል! ማሚ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ለሆድ ድርቀት የሚሆን ጆንያ የሚያህል ታመጣለች፤ የናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ ሆድ የደረቀ ይመስል። ታዲያ ለምን ሱቅ እሄዳለሁ? ቆላሁ፤ ወቀጥኩ። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ የተባለው እውነት ነው፤ ሙቀጫው ውስጥ ጸጥ ብሎ ገባልኝ። በሙቅ ውሃ በጠበጥኩትና ካውንተሩን ከዳር እስከ ዳር ለቀለቅኩት።

ሲደርቅ በቀሉን አወጣ። መጀመሪያ እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለገ፤ ከዚያ እንደ ሙጫ ጠነከረ። የዕቃ ማድረቂያው ጨርቅ ተጣብቆ ቀረ። ልነቅለው ስታገል አባዬ ከሥራ ገባ። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው፤ ጨርቁ አልተነቃነቀም።

"ይህን ነገር ቀድመን ብናውቅ" አለ በአድናቆት፣ "ክንፍ ላይ የሪቬት ሚስማር አንመታም ነበር።"

በሙቅ ውሃ ሳጥበው ደግሞ የእንጨቱ ፀጉር ቆመ። አዎ፣ እንጨት ፀጉር አለው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ፈራ ድመት ያቆመዋል። በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቅኩት፤ እጄ ከካውንተሩ በላይ ለሰለሰ።

ከዚያ እውነተኛውን የተልባ ዘይት ከጤና ምግብ መደብር አመጣሁ። አንድ ጊዜ ቀባሁት፤ ጠጣ። ደገምኩት፤ ጠጣ። ቀለሙ እንደ ማር ወጣ! ድፎ ዳቦ የመሰለ ውበት! ብቻዬን ኪችን ውስጥ ጨፈርኩ። በሦስተኛው ላይ ዘይቱ ከላይ ቀረ፤ አልገባም አለ።

ማሚ ገባች። "ጠጣልሽ?"

"በቃኝ ያለ ይመስላል።"

ማሚ ካውንተሩን በሐዘኔታ አየችው። "አፍሮ ነው። ጨምሪለት።"

አሁን ተፈርዶብን ነው እንጂ ጥፋቱ የእኛ ብቻ ነው? በቃኝ ሲል አቁሙ ብሎ ነገር ለሐበሻ ይነገራል? እኛ ቤት በቃኝ ያለ እንግዳ ገና መጀመሩ ነው። በቃኝ ማለት "ለምኑኝ" ማለት ነው። ካልለመንከው ሄዶ ያማሃል። ስለዚህ ጨመርኩለት። ማሚም እጅጌዋን ሰብስባ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያለች ጠርሙሱን አንቆረቆረችበት። ጉርሻ ሲያንስ ያጣላል ብላ ደግሞ ደገመች። የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ የሚባለውን ነገር ሁለታችንም አላስታወስነውም፤ ማን ነው የቀረበለትን ከእንግዳ ፊት የሚያነሳ?

በማግስቱ ካውንተሩ ታሞ ተነሳ። ላብ በላብ ሆኖ ይጣበቃል። ማሚ ስልኳን አስቀመጠችበትና ስልኩን ስታነሳ ሽፋኑ ቀረ። ሎሚ ብናስቀምጥ ሎሚው አይንከባለልም። አንዲት ዝንብ አርፋ መነሳት ሲያቅታት አይቼ አዘንኩላት፤ ከዚያ ለራሴም አዘንኩ፤ ምክንያቱም የኅብረቱ ቀን ደርሶ ነበር፤ ማይክሮዌቩም ሳሎን ወለል ላይ ቁጭ ብሎ በመስታወቱ እያየኝ ነው።

ያኔ አባዬ ጨርቅ ይዞ መጣ። ትንሽ ዘይት አሙቆ ጨርቁን ነከረና የተጋገረውን በክብ በክብ ማሸት ጀመረ።

"ቅባት ሲበዛ ጥቅም አይደለም፣ ጠላት ነው" አለ። "ሥራ ቦታም እንዲሁ ነው። እሺ፣ በደረቅ ጨርቅ አንቺ ተከተዪኝ።"

ተከተልኩት። እሱ ያሻል፣ እኔ እጠርጋለሁ። ዋንዛው ቀስ በቀስ እጅ መልቀቅ ጀመረ። ሲጨርስ ጨርቆቹን ጠቅልዬ ልጥል ስል ጮኸ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ሊነድ ይችላል ብሎ አንድ በአንድ ዘርግቶ በረንዳው ገመድ ላይ እንደ ቋንጣ ሰቀላቸው።

"አባዬ፣ አንተ ተቃዋሚ አልነበርክም እንዴ?"

"ነኝ። ግን ቤት ይቃጠል ብዬ አልተቃወምኩም።"

ቅዳሜ ደረሰ። ሰው መጣ። የኅብረቱን እናቶች የምታውቋቸው ከሆነ ሳሎን እንደማይቀመጡ ታውቃላችሁ፤ ጫማቸውን አውልቀው ቀጥታ ኪችን ነው። አንዷ ሰላጣ ትከትፋለች፣ አንዷ "ጨው አንሶታል" ትላለች፣ አንዷ ያልጠየቅናትን ድስት ትፈትጋለች። መሪያቸው እትዬ ዘነቡ ናቸው። እትዬ ዘነቡ ሩንዳ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ይኖራሉ፤ የእሳቸው ኪችን ጥቁር ግራናይት የሚኒስትር መኪና ይመስላል፤ አባዬ ግራናይት ያማረው እዚያ ቤት ምሳ ከበላ ወዲህ ነው።

"ውይ! እንጨት!" አሉ ገና ሲገቡ። "የኔ ልጅ፣ እንጨትንና እርድን ልታስታርቂ ነው?"

ለትልቅ ሰው "እንዳይነኩብኝ" አይባልም። ስለዚህ በፈገግታ ዘበኛ ሆንኩ። ድስት ሲነሳ ከሥሩ ማስቀመጫ ሳንቃ እዘረጋለሁ፤ ማንኪያ ሲያርፍ ከሥሩ ሳህን አስገባለሁ፤ ጠብታ ሳትወድቅ በጨርቅ እቀልባለሁ። እናቶቹ "እንዴት ያለች ታዛዥ ልጅ!" ተባባሉ። አንዷማ ለወንድ ልጇ በዓይኗ ስትለካኝ አየኋት። ይሁን፤ ለካውንተሬ የማልከፍለው የለም።

ጸሎት ተጀመረ። ሁላችንም ሳሎን ተሰብስበን ዓይናችንን ጨፈንን። እኔ አንዱን ብቻ። በሌላኛው፣ በተከፈተው በር በኩል፣ ካውንተሬን አያለሁ። ጸሎቱ ረዘመ፤ የሚጸልዩት ወንድም ለአገር ጸልየው፣ ለኬንያ ጸልየው፣ ለተጓዦች ሲደርሱ የመቃጠል ሽታ መጣ። ምድጃው ላይ ለሙቀት የተተወው ክክ አልጫ!

አባዬም ሸቶታል። በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ኪችን ገባ። ድስቱን በፎጣ አነሳ። እኔ ደግሞ ከጸሎት በኋላ ለሚቀርበው ብዬ ማስቀመጫ ሳንቃዎቹን ሁሉ ወደ ምግቡ ጠረጴዛ ወስጃቸው ነበር! አባዬ ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ። ድስቱ እጁን አቃጠለው። እና አስቀመጠው። ባዶው ዋንዛ ላይ። በእኔ ጥግ ላይ፣ መስኮቱ ሥር!

"ጭስ!" ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን "አሜን!" ነበር፤ ያውም ቦታው ሳይደርስ። ወንድም ደስ ብሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አባዬ ቀና ሲል፣ በተጨፈኑት ዓይኖች ሁሉ መካከል፣ አንዱ ክፍት ዓይኔና ሁለቱ ዓይኖቹ ተገናኙ። ድስቱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ከሥሩ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ድስቱን በጥንቃቄ፣ አውሮፕላን እንደሚያሳርፍ ሰው፣ እዚያው ቦታው ላይ መልሶ አሳረፈው።

ከጸሎቱ በኋላ ያየነውን ደግሞ እኛ ቤት አይቶ የሚያውቅ የለም። አባዬ ጭልፋ ይዞ ድስቱ አጠገብ ቆመ።

"አልጫውን እኔ ነኝ የማወጣው" አለ።

"ኧረ ወንድም ተስፋዬ፣ ተው፣ እኛ እያለን!"

"ድስቱን ማንም አያንቀሳቅስ። ሳህናችሁን ይዛችሁ ኑ።"

የተቃጠለ አልጫ በአባዬ እጅ፣ ተሰልፈው ተቀበሉ። "ዛሬ በረከት ነው" አለች አንዷ። "የኔ ባል ይህን ቢያይ!" አለች ሌላዋ። አባዬ ላቡን እየጠረገ ድስቱን እንደ ባንክ ጠበቀው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማሚ ኪችን ገባች። እትዬ ዘነቡ ሳህናቸውን ሊወስዱ ወደኋላ ቀርተው ነበር። ማሚ ካውንተሩን ከግድግዳው ጀምራ በመዳፏ እየዳበሰች መጣች። ልስልስ። ንጹሕ። ድስቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄስ?"

አባዬ ድስቱን አነሳ። ከሥሩ ጥቁር ክብ፣ በዙሪያው የእርድ ቢጫ። የፀሐይ ግርዶሽ! ማሚ ወደ እኔ ዞረች።

"እሷን አትያት" አለ አባዬ። "እኔ ነኝ። በጸሎት ሰዓት። ልጅቷ እንኳን ካውንተሩን፣ አልጫውንም ስትጠብቅ ነበር።"

"ግን ስምምነቱ ማን አደረገው አይልም" አልኩ። "ጠባሳ ከተገኘ ነው የሚለው።"

አባዬ ሲመኘው የነበረው ግራናይት ደጅ ደርሶ ሳለ ፊቱ ላይ ደስታ ፈልጌ አጣሁ። ክቡን በጣቱ ዞሮ ዳበሰው።

እትዬ ዘነቡ ሳህናቸውን እንደያዙ በሩን መለስ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ተስፋዬ፣ የእኔ የዳቦ መያዣ ለምን ከቦታው እንደማይነቃነቅ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ከሥሩ ግራናይቱ ተሰንጥቋል። የሚንተከተክ ድስት አስቀምጬበት። ፈንዲው አይቶ 'ድንጋይ አይታከምም፣ ክደኑት' ብሎኝ ሄደ። ይሄው ይህን ያህል ጊዜ ዳቦ በሌለበትም ዳቦ መያዣ እወለውላለሁ።" ከዚያ ክቡን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ጥቁሩ ትንሽ ተነሳ። "ይሄ ግን ይፋቃል። በሉ ለሰው እንዳትነግሩብኝ።"

(እትዬ ዘነቡ፣ ይቅርታ። ስምዎን ለውጬዋለሁ።)

ማሚ እንደ ልማዷ ስብሰባውን ዘጋች፦ "ጠባሳ የሚባለው ሳይታከም የሚቀር ነው። እስከ ነገ ታክሞ የሚድን ከሆነ ቁስል ነው፤ ቁስል በስምምነቱ ውስጥ የለም።"

እሑድ ከቸርች መልስ አባዬ ክራቫቱን ሳያወልቅ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ተንበረከከ። በእንጨቱ መስመር፣ ወዲያና ወዲህ፣ ቀስ እያለ ፋቀ። የዋንዛው ጠረን ኪችኑን ሞላው። ጥቁሩ ወደ ቡኒ፣ ቡኒው ወደ ማር ተለወጠ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ብቻ የሚያያት የጨረቃ ጥፍር የምታህል ጥላ ቀረች። ማሚ ጎንበስ አላለችም።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አልኩት ወረቀቱን እየተቀበልኩ፤ "አባት ያቃጠለው ግን ለሁሉም ይበቃል።"

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ አማርኛ ትምህርት አበላሽቶሻል" አለኝ። ግን እየሳቀ ነበር። በእኔ አይደለም፤ ባልኩት።

ማይክሮዌቩ ፍሪጁ ላይ ወጥቷል። ይህን የምጽፈው ጥጌ ላይ ሆኜ ነው፤ ክንዴ ጥላዋ ላይ አርፏል፤ ይሞቃል። ጃካራንዳው በመስኮቱ አበባ ይልክልኛል፤ ፊደሎቼም ቀጥ ብለው ቆመዋል። አሁን ደግሞ አባዬ ጠርሙስና ጨርቅ ይዞ ከኋላዬ መጥቷል። ሁልጊዜ መጀመሪያ እንጨቱን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል።

"ቤቶች!" ይላል። "ክንድሽን አንሺ፤ ምሳው ደርሷል።"

አነሳሁ።